ጋላክሲ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ጅሬን ዳገት ላይ ሆነን ሰማዩን ስናይ ያ ነጭ ጭስ የሚመስለው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየን፣ ታናሽ ወንድሜ ጋላክሲ የሚለው ስም ከየት መጣ ሲለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ጠየቅሽ! ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት የተሰባሰቡበት ነው፣ ያ ያያችሁት ነጭ ነገርም የኛው ጋላክሲ ነው። ስሙ ግሪኮች ወተት ከሚሉት ቃል ነው የመጣው፣ ያ ያያችሁት ነገር የፈሰሰ ወተት መስሏቸው ነው። በኛም ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፣ ግዕዝ ነው፣ ፍኖት መንገድ ሐሊብ ደግሞ ወተት። ቻይኖች የብር ወንዝ ይሉታል፣ ፊንላንዶች የወፍ መንገድ። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የቱርኮቹን ነው፣ የጭድ መንገድ! ጭድ የጫነ አህያ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ከኋላው ብን ብን እያለ የሚቀረውን ቢጫ መስመር አስቢው፣ በቃ ሰማይ ላይ ያዩት እሱን ነው፣ የፋርሶቹም ስም ከጭድ ነው የመጣው፣ እነሱ እንደውም ዛሬ ማንኛውንም ጋላክሲ በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸው የተረጋገጠው በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ነው፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ከኛ ጋላክሲ ውጪ በጣም ሩቅ እንዳለች ሲያሳይ። ለወንድምሽ የጭዱን ንገሪው፣ አይረሳውም።