የዋሻው መግቢያ መብራት ሲመሽም የማይደበዝዘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የመኪና መንገድ ዋሻችንን 400 ዋት ሶዲየም አምፖሎች በኤልኢዲ ቀይረናል፤ ፍጆታው ግን የጠበቅነውን ያህል አልወረደም። የመግቢያው መብራቶች ቢደምንም ቢመሽም እንደበሩ ናቸው። ድራይቨሮቹ (ለኤልኢዲዎቹ ኃይል የሚሰጡት ዕቃዎች) የብርሃኑ መጠን ከ1 እስከ 10 ቮልት የሚታዘዙ ናቸው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አምፖሎቹን ይተዋቸው። እኔ የምጠረጥረው የትዕዛዝ ሽቦውን ነው። እንዲህ ያለው ድራይቨር ሽቦው ሲበጠስ አይጠፋም፤ በሙሉ ኃይሉ ያበራል። ሾርት ሲሆን ነው ወደ ዝቅተኛው የሚወርደው።

በመጀመሪያ የቦርዱ መምረጫ አውቶ ላይ መሆኑን ይዩ። ቀደም ሲል የጠገነ ሰው ማኑዋል ላይ ትቶት ወይም ኮንታክተሩን (መስመሩን በትዕዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶት ይሆናል፤ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ከዚያ መንገዱን አዘግተው ብሬከሩን ያጥፉ። ልብ ይበሉ፦ የአደጋ ጊዜ መብራቶች ከዩፒኤስ (ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ከሚተካው የባትሪ መሣሪያ) ስለሚመገቡ ዋናው ቢጠፋም ሳጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል። ሳይለኩ አይንኩ። የአንዱን ድራይቨር ሁለት የትዕዛዝ ሽቦዎች ነቅለው የድራይቨሩን ሁለት የትዕዛዝ ጫፎች እርስ በርስ ያገናኙና መልሰው ያብሩ። ከደበዘዘ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው። ብሬከሩን እንደገና አጥፍተውና ለክተው ያገናኙትን ይፍቱ፣ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሰው ያብሩ፣ ከመቆጣጠሪያው ዝቅተኛውን ትዕዛዝ ይስጡና በየመብራቱ ቮልቱን ይለኩ። ከቁርጡ በፊት ወደ 1 ቮልት፣ ከቁርጡ በኋላ ወደ 10 ቮልት ያገኛሉ። ከመስመሩ መሃል ቢጀምሩ ቶሎ ይደርሱበታል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በናስትሮ በተጠቀለለ መገናኛ ወይም የመኪና ጭስና እርጥበት በበላው ርካሽ ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ዋሻ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በታሸገ ሳጥን ውስጥ እንደገና ይሥሩት።

የመጀመሪያው መብራት ላይም 10 ቮልት ካገኙ ወይ ከመቆጣጠሪያው እስከዚያ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ ሙሉ ብርሃን እያዘዘ ያለው መቆጣጠሪያው ነው። ሽቦው ካልተበጠሰ ከውጭ ወደ ዋሻው አፍ የሚያየውን የብርሃን መለኪያ ይመልከቱ። ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልክ ከሆነ ከ4 በታች ያለው ንባብ ብልሽት ማለት ነው፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎችም ለደህንነት ሲባል ወደ ሙሉ ብርሃን ይሄዳሉ።

ሽቦው ደህና ሆኖ ቀን ላይ ፍጆታው ከበዛ ደግሞ የመለኪያው አቅጣጫ ነው። ፀሐይ የለመደ ዓይን የዋሻውን አፍ እንደ ጥቁር ጉድጓድ ያየዋል፤ ስለዚህ የመግቢያው ብርሃን አሽከርካሪው ከውጭ ከሚያየው ጋር በተመጣጠነ መጠን መሆን አለበት። ያንን ለማወቅ የሚለካው መኪናው ፍሬን ይዞ መቆም ከሚችልበት ርቀት ላይ ሆኖ፣ በ20 ዲግሪ የዕይታ ክበብ ነው፤ የክበቡ መሃል የዋሻው አፍ ከፍታ አንድ አራተኛ ላይ ያርፋል። ንባቡ 3000 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የድምቀት መለኪያ ነው)፣ የውጭውን ንባብ ወደ መግቢያው ብርሃን የሚለውጠው ማባዣ 0.06 ቢሆን መግቢያው 180 ይፈልጋል። መለኪያው ቀና ብሎ ሰማይ በዝቶበት 6000 ቢያነብ 360 ያዛል፤ ኃይሉም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብሩህ ሰማይ ከሣር ብዙ እጥፍ ያበራልና ጥቂት ዲግሪ መዛነፍ ይበቃዋል። በዋሻው አፍ ዙሪያ ያለውን ነጭ ግንብ ማጥቆር ወይም ተክል ማልበስም ፍላጎቱን ከሥሩ ይቀንሰዋል። የመለኪያውን መስታወት ይጥረጉ።

ፍጆታ ለመቀነስ ብለው ከመግቢያው መብራት እንዳይነቅሉ፤ አሽከርካሪው ከፊቱ የቆመ መኪና አይታየውም። ሳጥን በከፈቱ ቁጥር ደግሞ፣ አሁን የለኩት ቢሆንም፣ ዩፒኤሱን አስበው እንደገና ይለኩ።