የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሲታተም የመጣ ስህተት ወይስ በኋላ የደረሰበት ጉዳት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው ሁለት የቆዩ ሳንቲሞች አገኘን። አንዱ ጃንሆይ ያሉበት፣ 1936 የሚል ስሙኒ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን እንደ አበባ ተቆራርጧል፣ በአንበሳው በኩልም መስመር አለው። ሌላው 1780 የሚል ጠገራ ብር ሲሆን ከሴትዮዋ ራስ በላይ ተበስቷል። ጓደኛዬ «የማተሚያ ስህተት ያለበት ሳንቲም ብዙ ሺህ ያወጣል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ይዘህልኝ እንድትመጣ ያስቸገርኩህ በፎቶ መፍረድ ስለማልወድ ነው። በፎቶ ላይ ጥላ ጉብታውን ጉድጓድ፣ ጉድጓዱን ጉብታ ያስመስላል። ዕድሜዬን ሰዓት በጠገንኩበት ማጉያ መነጽር ሁለቱንም አይቼልሃለሁ።

የስሙኒው ጠርዝ ስህተትም ጉዳትም አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ሲወጣ ሙሉ ክብ ነበር። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል፤ ሽልንጉ (50 ሳንቲሙ) ደግሞ ከእውነተኛ የብር ማዕድን የተሠራ ነው። ታዲያ ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ የሚያሳልፉ ሰዎች ተነሱ። ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደምታየው ሆነ። ያልተቆረጠውን ክቡን ብታመጣልኝ ኖሮ ከወንበሬ እነሳ ነበር፤ እሱ ነው በቀላሉ የማይገኘው።

መስመሩ ግን አስደስቶኛል። አንድ መሰለህ እንጂ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአንበሳው ደረት ተነስቶ፣ በፊደሎቹ መሀል ሰንጥቆ ጠርዙ ጋ ይደርሳል። በጥፍርህ ስትነካው ከፍ ብሎ ይሰማሃል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ቀለሙም ከቀረው መዳብ አይለይም። ሳንቲም የሚታተመው እንደ ቀበሌ ማህተም ነው፤ ማህተሙ ላይ የጎደጎደው ሳንቲሙ ላይ ከፍ ይላል። የብረቱ ማህተም በብዛት ሲመታ ውሎ ሲሰነጠቅ፣ የሚመታው መዳብ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና እንዲህ ያለ ቀጭን ክር ሆኖ ይቀራል። ይሄ እውነተኛ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው። ሁለተኛው መስመር ወደ ውስጥ ተቦርብሯል፣ ግራና ቀኙ ላይ የተገፋ መዳብ ተከምሯል፣ ውስጡም ያብረቀርቃል። እሱን ቢላ ወይ ሚስማር ነው የሠራው። ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ሳንቲም ላይ ማየት ለሚማር ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አትሽጠው። ደግሞም የማህተም ስንጥቅ ብዙ ሳንቲም ላይ ስላለ፣ ጓደኛህ ያለህን ያህል ገንዘብ አያመጣም።

ጠገራውን የበሳው ማተሚያ ቤት አይደለም። የቀዳዳው አፍ ለስልሷል፣ በላይ በኩል ደግሞ ክር በልቶት ሞላላ ሆኗል። አንገት ላይ የኖረ ብር ነው፤ የአያትህ ወይም የእናታቸው ጌጥ ይሆናል። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ቡና የሚሸጠው በዚህ ብር ነበርና፣ ጅማ ውስጥ የተበሳ ጠገራ ቢገኝ አይገርምም። 1780 ብሩ ላይ ያለችው ሴት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ፣ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮማም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሲያትሙት ዓመቱን አልቀየሩም፤ ስለዚህ ያንተ በፈረንጆች 1930ዎቹም ውስጥ ታትሞ ሊሆን ይችላል። ሙሉው 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። በጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ ዞሮታል፤ ጽሑፉ የጠፋበት ካየህ ብሩ ተሞርዷል ማለት ነው። ያንተ አለው። እባክህ በአመድና በሎሚ እንዳትፈትገው። ያ ጥቁረት የዕድሜው ነው፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። በ1969 አሥር ሳንቲም ላይ፣ አጋዘኑ ባለበት በኩል፣ የአንበሳው ፊት ተገልብጦ ወደ ውስጥ ታትሟል። 3,000 ብር አሉኝ። ልግዛው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አይግዙት። እንዲህ ያለውን እኔም አንድ ጊዜ በውድ ገዝቻለሁ፤ ያን ቀን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እውነተኛው የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የታተመው ሳንቲም ማህተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ ቀጥሎ የገባው ጥሬ ብረት በሳንቲሙ ይመታል። ያኔ በአንድ በኩል አንበሳው ቀጥ ብሎ፣ በሌላው በኩል ያው አንበሳ ጎድጉዶና ተገልብጦ ይወጣል። አጋዘኑ ቦታ የለውም! እርስዎ ካሉት ላይ አጋዘኑ ከሥር ይታያል፤ ቀንዱም ተደፍጥጧል። ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ ጨምሮ ያጠበቀ ሰው ሥራ ነው። ጀርባውንም ይዩት፤ የአንበሳው ጎፈር ተዳምጦ ጠፍጣፋ ሆኖ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ሁለት የምኒልክ ብር አለኝ። በአንዱ የአንበሳው ግራ የፊት እግር፣ በሌላው ቀኙ ተነስቷል። አንዱ ስህተት ነው? (ከሰቃ)

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ፤ ሁለቱም እንዲያ ሆነው የተቀረጹ ናቸው። ዓመተ ምህረታቸውን በግዕዙ ቁጥር አንብበህ ለየብቻ አስቀምጣቸው፤ እርስ በርስ እንዳይፋተጉም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላቸው። ሐሙስ ለገበያ ስትመጣ ብቅ በልና በመነጽር አብረን እናያቸዋለን።