ፔዳሉ ላይ የተበየደው ብረት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ኦሪገን ውስጥ የሚኖር፣ የናፍጣ ሞተር ጥገና የሚማር ልጅ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው ድሮ ጫካ ውስጥ ግንድ ይጎትት የነበረ ካተርፒላር ዲ7 የሚባል ሰንሰለታማ ትራክተር ገዝተዋል። ጥያቄው አጭር ነች፦ «ጋሼ፣ የፋብሪካው ያልሆነውን ብየዳ ሁሉ ቆርጠን ብንጥለው ምን ይጎዳል? ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ልናደርገው ነው የፈለግነው።»

በሁለት መስመር ልመልስለት ተቀምጬ ሳላስበው አመሸሁ። ለእሱ የጀመርኩት ደብዳቤ ስለረዘመ፣ በዚህ ሙያ ለገባችሁም ልትገቡ ላሰባችሁም ሁሉ ይሁን ብያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን የተቀጠርኩት ያረጁ ሰንሰለታማ ትራክተሮችን የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ ነበር። የእኔ ሥራ ማጠብ፣ ብሎን መፍታት፣ የተፈታውን በየቆርቆሮው መለየትና መጥረግ ነው። አንድ ቀን በትልቅ ተጎታች መኪና ካተርፒላር ሲክስቲ መጣ። ሲክስቲን ላላያችሁ ልንገራችሁ፤ ሲ. ኤል. ቤስት የሚባለው ካሊፎርኒያዊ በ1919 ያወጣው ማሽን ነው። በ1925 የእሱ ኩባንያና የሆልት ኩባንያ ተዋህደው ካተርፒላር ሲፈጠር ስሙን ለውጦ ቀጠለና እስከ 1931 ተመረተ። ክብደቱ ወደ 9 ቶን ይጠጋል። አራት ሲሊንደሮቹ አንድ ላይ የተዋሃዱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደ ጉልቻ ቆመዋል። የአንዱ ስፋት 6 ኢንች ተኩል፣ የፒስተኑ ጉዞ 8 ኢንች ተኩል ነው። በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ሲሠራ አይጮህም፤ ይደልቃል። ደረታችሁ ላይ ነው የሚሰማችሁ።

ማስነሻ ሞተር የለውም። በየሲሊንደሩ አናት ባለች ትንሽ ጽዋ ቤንዚን ታጠጡታላችሁ፣ ፍላይዊሉ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት ላይ፣ ባሉት ቀዳዳዎች ረጅም የብረት ዘንግ ትከታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ ትስባላችሁ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ ዘንጉ ክንድ ይሰብራል። ስለዚህ ዘንጉን የሚስብ ሰው የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወስናል። ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት የለመደ ትውልድ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ቆሞ ሲያይ ግን አይስቅም።

ያ ሲክስቲ ሲመጣ መልኩ አይታወቅም ነበር። ቅባት፣ አፈር፣ የጥድ ቅርፊትና ሙጫ ተጋግሮበት ድንጋይ ሆኗል። በፈረፈርኩት ቁጥር የጥድ ሽታ ይወጣል። ከስር የወጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፦ ከቧንቧ የተሠራ የራዲያተር መከላከያ፣ ከወንበሩ ጀርባ የቆመ የተጣመመ ብረት፣ ደግሞ የግራ ፍሬን ፔዳል ላይ አራት ጣት ያህል ከፍታ ያለው ወፍራም ብረት ተበይዶ። ብረቱ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። ብየዳው ያስጠላል፤ አበጥ አበጥ ያለ፣ የቸኮለ ሰው ሥራ። አናቱ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል፤ አንድ ጥግ ላይ እስኪጎደጉድ ተበልቷል። በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ለምን እንደተደረገ ግን ከመካከላችን የገባው ሰው አልነበረም።

የጋራዡ ባለቤት ጥሩ ሙያተኛ ነው፤ አሁንም አልክድም። ግን ለእሱ ማደስ ማለት የፋብሪካውን መጽሐፍ ገልጦ ከሥዕሉ ጋር ማመሳሰል ነው። በመጽሐፉ የሌለ ነገር ሁሉ «የጫካ ብየዳ» ነው። በያጁ በጋዝ ቆረጠው፣ ፔዳሉ ተሞርዶ ተስተካከለ፣ የተቆረጠው ሁሉ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በርሜል ገባ። በሳምንቱ ብረት ሰብሳቢው መጥቶ ወሰደው።

ማሽኑ ሲያልቅ አማረ። ግራጫ ሆኖ ጽሕፈቱ በቀይ ነው፤ ካተርፒላር እስከ 1931 መጨረሻ ድረስ ቀለሙ ይኸው ነበር፣ ቢጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው መጥቶ እንዲያየው ተጠራ። ከመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞሩትና ከኪሳቸው የደበዘዘ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው የሞተሩን ቁጥር አመሳከሩ። በ«ፒኤ» የሚጀምር ቁጥር ነበር። አስፈቅደው ወጡ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ግራ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ብረቱስ?» አሉ።

አባታቸው የዚያ ማሽን ነጂ ነበሩ። አንድ ክረምት ግንድ ተንከባሎባቸው ግራ እግራቸው ተሰበረ፤ ሲድን አጥሮ ዳነ። እግራቸው ፍሬኑ ድረስ አይደርስም። በዚያን ጊዜ ፍሬን መርገጥ ያልቻለ ሰው ከግንድ ቆራጮቹ ካምፕ ይሰናበታል፤ ካምፑ ደግሞ ቤቱም ጭምር ነው። ስለዚህ የካምፑ ቀጥቃጭ ከግንድ ማመላለሻው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ አምጥቶ ሌሊቱን በየደላቸው፤ በማግሥቱ ሥራ ገቡ። ሽማግሌው ልጅ ሆነው ምሳ ይዘው ሲሄዱ አባታቸው ያንን ብረት በጫማቸው ጥግ ሲረግጡ ያዩ ነበር። የመጡት ማሽኑን ለማየት አይደለም፤ ያንን ብረት ለማየት ነው።

ባለቤቱ ደነገጠ። «ሌላ እንበይድበታለን» አላቸው። «ምን ያደርጋል» ብለው ወረዱ። ብረት ሰብሳቢው ጋ ተደወለ፤ ከተጨፈለቀ ቆይቷል። ሽማግሌው ቡና እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እኔ እስከ ዛሬ ቅባት ውስጥ የተቀበረ ብየዳ ባየሁ ቁጥር ያ ብረት እጄ ላይ ይመጣብኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ምን ይጎዳል ላልከኝ መልሱ ይኸው ነው። ግን ላስረዳህ። ፋብሪካው ለገበሬውም፣ ለመንገድ ሠሪውም፣ ለግንድ ጎታቹም የሸጠው ያንኑ ትራክተር ነው። የጫካ ማሽን ያደረገው ጫካው ነው። ቅርንጫፍ ራዲያተሩን ሲበሳባቸው መከላከያ ሠሩለት፤ ከላይ የሚወድቅ እንጨት ሰው ሲገድል ከነጂው በላይ ብረት አቆሙ፤ ከኋላው ግንድ በሽቦ ገመድ የሚስብ ዊንች ሰቀሉለት። የእናንተ ዲ7 ጀርባ ላይ ያለው ዊንች የሃይስተር ነው ብለሃል። ሃይስተር የሚባለው ኩባንያ የተነሳው እዚያው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ነው፤ አገሩ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ገፍፋችሁ «እንደ ፋብሪካው» ካደረጋችሁት በእጃችሁ የሚቀረው ማሳም፣ መንገድም፣ ጫካም ያልነካው ማሽን ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ደግሞ ኖሮ አያውቅም።

ይህ ታሪክ ከየት እንደጀመረ የማያውቅ ወጣት ስለበዛ ትንሽ ልለፍልፍ። ሁሉም ሰው ሰንሰለት ሲባል ካሊፎርኒያንና ቤንጃሚን ሆልትን ያነሳል። እውነት ነው፣ ሆልት ስቶክተን አጠገብ ባለው ረግረግ መሬት መንኮራኩሩ እየሰመጠ ሲያስቸግረው በኅዳር 1904 በእንፋሎት የሚሠራ ትራክተሩን በሰንሰለት ሞከረው። ከዚያ በፊት ግን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ፣ ዋተርቪል የሚባል ከተማ፣ አልቪን ሎምባርድ የሚባል ሰው በ1901 የባለቤትነት መብት ወስዶ ነበር። የእሱ ማሽን ከኋላ ሰንሰለት፣ ከፊት የበረዶ መንሸራተቻ ያለው ባቡር ነው ማለት ይቻላል። በክረምት በረዶ ላይ ግንድ የተጫነባቸውን ተጎታቾች ደርድሮ ይስባል፤ የስንት ጥንድ ፈረስ ሥራ ብቻውን ይሠራል። ከ80 በላይ ተሠርተዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መሪ ያዡ ነው። ከእንፋሎት ጋኑ ፊት፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ተቀምጦ መሪ ይጠመዝዛል። ፊቱን የሜይን ብርድ ይገርፈዋል፣ ከላዩ የእሳት ፍንጣሪ ይዘንብበታል፣ ከኋላው ማሽኑና ያ ሁሉ ግንድ አለ። ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ሲሆን መንገዱ ላይ ድርቆሽ ይበትኑለታል፣ እንዲይዘው። እናንተ ወንበሩ አልሞቀም ብላችሁ መኪና ትመልሳላችሁ! ብራድሊ፣ ሜይን ያለው የደንና ግንድ ሥራ ሙዚየም አንዱን ሎምባርድ አድሶ በእንፋሎቱ እንዲሄድ አድርጎታል፤ የሜይን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችም እጃቸው አለበት። እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወጣት አልወቅስም።

ወደ ዲ7ቱ ልመለስ። መጀመሪያ መቸኮል የሌለባችሁ ቀለሙ ላይ ነው። አንድ ጥግ ላይ፣ ዕቃ ተሸፍኖ የቆየበት ቦታ፣ በስሱ ፈግፍጉ። ከቢጫው ሥር ወታደራዊ አረንጓዴ ከወጣ ማሽናችሁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትርፍ ንብረት ተሸጦ ወደ ጫካ ከገቡት አንዱ ሊሆን ይችላል። ዲ7 ለጦሩ ብዙ ሄዷል። ከመፈግፈጋችሁ በፊት ግን ማጣሪያ ያለው የመተንፈሻ ጭንብል አድርጉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራው ደግሞ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በአየር ግፊት አሸዋ ቀለም ማስለቀቅ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ ሳንባውን ያስብ።

ሞተሩ ተጣብቋል ብለሃል። ጭስ ማውጫው ክፍት ከቆየ ዝናብ ገብቶበት ነው። በየሲሊንደሩ ዘይት ጨምሩበትና ተዉት፤ ደጋግማችሁ ጨምሩ። በሌላ ትራክተር እየጎተታችሁ በግድ ላዙረው አትበሉ፤ ፒስተኑም ቀለበቱም ይሰበራል፣ ዕቃው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ማስነሻዋን ትንሿን ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ ፖኒዋን፣ አትናቁ። ሰው ሁሉ ትልቁን ሞተር አሳምሮ እሷን ለመጨረሻ ያቆያታል። እሷ እኮ ዝም ብላ አታዞረውም፤ ውሃዋ ከትልቁ ጋር አንድ ነው፣ የጭሷ ሙቀትም ወደ ትልቁ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። በብርድ ቀን ናፍጣው የሚቀጣጠለው እሷ ቆይታ ካሞቀችው ነው። ከእሷ ጀምሩ።

ስለ ሰንሰለቱ ብዙ አልልም። የሰንሰለቱን ዓይኖች የሚያያይዙት ፒንና ቡሽ በአንድ ወገን ከተበሉ አዙሮ በሌላው ወገን ማስኬድ ይቻላል፣ ግን ከባድ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል። በመዶሻ እንሞክረው የሚል ጓደኛ ካለህ መዶሻውን ደብቅበት።

አትቸኩሉ አልኳችሁ። ግን ደግሞ ሌላኛው በሽታም አለ። ለሦስት ዓመት ቪዲዮ እያየ፣ መፍቻ እየገዛ፣ ማሽኑን ሸራ አልብሶ የሚኖር ወጣት አውቃለሁ። አንድም ብሎን አልፈታም፤ ስለ ሲክስቲ ግን ከእኔ በላይ ያወራል። እጅ ካልቆሸሸ የሚታወቅ ነገር የለም። ፍቱ፣ አውርዱ፣ ክፈቱ። ብቻ የምትቆርጡትን ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት ማን አደረገው፣ ለምን አደረገው በሉ። መልሱን ካላገኛችሁ ተዉት፤ ሃምሳ ዓመት ያልጎዳችሁ ብየዳ ዘንድሮም አይጎዳችሁም። መሪውን የሚያግድ ወይም ፍሬን የሚያበላሽ አደገኛ ነገር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ አውርዱት፣ ግን አትጣሉት፣ ስሙን ጽፋችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

ቀለም አትቀቡ እያልኩ ነው? እውነቱን ልናገር፤ ግራጫና ቀዩ ሲክስቲ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳየው አሁንም ልቤ ይሸፍታል። ቢታደስ የሚያምር ነገር ሁሉ አይታደስ የሚል ሰው አይደለሁም። ዕድል ካገኛችሁ እዚያው ኦሪገን፣ ቺሎኩዊን ከተማ አጠገብ ያለው የኮሊየር የግንድ ሥራ ሙዚየም ሂዱና ማሽኖቹን እዩዋቸው፤ ከእናንተ ብዙም አይርቅም። ያ አካባቢ የጥድ አገር ነው። መሬቱ ረጋ ያለ ስለሆነ ሰንሰለታማው ትራክተር ቶሎ የገባበት እዚያ ነው፤ በባሕሩ ወገን ባለው ዳገታማ ጫካ በእንፋሎት የሚሠራው ዊንች ቦታውን ሳይለቅለት ብዙ ጊዜ ቆይቷል። መከላከያዎቹንና ብየዳዎቹን በቅርብ እዩ፤ የእናንተው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ከዚያ ልታውቁት ትችላላችሁ።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ከነጂው ወንበር በስተቀኝ ከቧንቧ የተሠራ ቀለበት መሳይ ነገር አየሁ። መጥረቢያ ማስቀመጫ ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ የሚሆነው የሠራው ወይም የተጠቀመበት ሰው ነው። የሸጠላችሁ ሰውዬ አባቱ ናቸው የነዱት ብለሃል አይደል? ዛሬ ማታ ደውሉለት። ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ቀለበቷ ጠይቁት፣ የሚላችሁንም ጻፉት። ፖኒዋ ስትነሳ ደግሞ ቪዲዮ ላኩልኝ።