ጣና ለምን ሰንጠረዡ ላይ የለም?

ባሕር ዳር ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር 16 ዓመት ሆነኝ። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ላይ በቦታ ስም ስለተጠሩ ኤለመንቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ብዙ ኤለመንት በስሙ የተሰየመለት አገር የትኛው ነው?

መልስ፦ አገሩን ተዪውና መንደር ጠይቂኝ። ስዊድን ውስጥ፣ ስቶክሆልም አጠገብ፣ ኢተርቢ የምትባል የደሴት መንደር አለች። ድንጋይ የሚቆፈርበት ካባ ነበራት። በ1787 አሬኒየስ የተባለ መኮንን ከዚያ ከበድ ያለ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ በ1794 ፊንላንዳዊው ጋዶሊን መረመረው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኬሚስቶች ከድንጋዩ አዲስ ነገር በለዩ ቁጥር የመንደሯን ስም እየሸራረፉ ተካፈሉት፦ ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኧርቢየም፣ ኢተርቢየም። ደቅ ደሴት አራት ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ ሰፍራ አስቡት! ፈተና ላይ ተማሪ የሚያምታቱትም እነዚሁ ናቸው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለቱን አቀያይሬ ነጥብ ጥያለሁ።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ጋሊየም የተሰየመው በዶሮ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይህቺ ሰምና ወርቅ ናት። ሰሙ፦ ጋሊያ፣ የፈረንሳይ የጥንት የላቲን ስም። ወርቁ፦ በ1875 ያገኘው ሰው ስሙ ለኮክ ደ ቧቦድራን ነበር፤ «ለ ኮክ» በፈረንሳይኛ አውራ ዶሮ፣ አውራ ዶሮ ደግሞ በላቲን «ጋሉስ»። የራሱን ስም ሸሽጎ አስገባ ብለው አሙት። እሱ አላደረግኩትም ብሏል።

ብረቱ ራሱ ጉደኛ ነው፤ 29.8 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ዘመዴ ከውጭ ትንሽ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጠዋት ድርቅ ያለ ነው፤ መዳፍ ላይ ሲቆይ እንደ ቅቤ ይላላና ይፈሳል። ሚያዝያ ላይ ብልቃጡ ውስጥ ቀልጦ ከረመ፤ ክረምት ሲገባ ረጋ። ሲረጋ እንደ ውሃ ስለሚሰፋ ብልቃጤን ሰነጠቀብኝ።

ጥያቄ፦ የሌለ አገር ስም የተሰጠው አለ?

መልስ፦ ፖሎኒየም። በ1898 ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር ሲሰይሙት ፖላንድን ሩሲያ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ተቃርጠዋት ካርታ ላይ አልነበረችም። ማሪ የዋርሶ ልጅ ነች፤ ሆን ብላ ነው።

ጥያቄ (የተማሪ አባት)፦ መምህር፣ ከአፍሪካ አንድም የለም ማለት ነው?

መልስ፦ በቦታ ስም የለም፣ ጌታዬ። የሶዲየም ምልክት (Na) የመጣበት «ናትሪየም» ሥሩ የግብፆች ናትሮን ነው፤ እሱም የጨው ዓይነት እንጂ አገር አይደለም። የመዳብም የላቲን ስም የመጣው ከቆጵሮስ እንጂ ከአፍሪካ አይደለም። ስሙን ያወጣው ካባውና ላብራቶሪው ያለው ሰው ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ (9ኛ ክፍል)፦ እኔ አንድ ባገኝ «ጣኒየም» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አንተ ጎበዝ፣ ትችላለህ። ስም የሚያቀርበው ያገኘው ቡድን ነው፤ የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር። ሰንጠረዡ ግን እስከ 118 ሞልቷል፤ ቀጣዩ በማፍጠኛ መሣሪያ አተም ከአተም እያጋጩ የሚሠራ ነው። ጃፓኖች ለ113ኛው፣ ለኒሆኒየም፣ ከ2004 እስከ 2012 ደክመው ያገኙት 3 አተም ብቻ ነው፤ ስሙ በ2016 ጸደቀላቸው። ለምልክቱ ግን «Ta» እንዳትል፣ ታንታለም ቀድሞ ወስዶታል።