አዲስ ተመራቂ ነርስ የሥራ አማራጭንና ደመወዝን እንዴት ይመዝን? ጥያቄና መልስ

በዋርድ ነርስነት፣ ኋላም በነርሶች ኃላፊነት ለረጅም ዓመታት ስላገለገልሁ፣ አዲስ ተመራቂዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የክፍያ መጠንና የሠራተኛ ሕግ እንደየአገሩ ስለሚለያይ በገንዘብ ስም አልጠቀምም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሁለት ሆስፒታሎች ተቀብለውኛል። አንደኛው ከሌላው 15 በመቶ የበለጠ ይከፍላል። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ሌላውን ማሰብ ሞኝነት አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ደመወዙን ከማወዳደርሽ በፊት ለስንት ሰዓት ሥራ እንደሚከፈል ጠይቂ። የመጀመሪያው ሆስፒታል በወር ለ160 ሰዓት 100 ቢከፍልሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለ200 ሰዓት 115 ቢከፍልሽ፣ በሰዓት ሲካፈል ያኛው 0.625፣ ይኼኛው 0.575 ይሆናል፤ ብልጫ ያለው የመሰለሽ ደመወዝ በሰዓት ሲሰላ ያነሰ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ በወረቀት የማይጻፈው ሰዓት አለ። ተረኛዋ ነርስ ታካሚዎቿን ለተተኪዋ ሳታስረክብ፣ መዝገቧንም ሳትሞላ አትወጣም፤ ይህ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢወስድና የማይከፈልበት ከሆነ፣ 22 ቀን ለሠራ ሰው በወር 11 ሰዓት በነፃ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ «የርክክብ ጊዜ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ትርፍ ሰዓት በገንዘብ ይከፈል ወይስ በዕረፍት ይካካስ፣ ዕረፍቱስ ሲጠየቅ በእርግጥ ይሰጥ እንደሆነ ግን ከአስተዳደሩ ይልቅ እዚያው የሚሠሩት ነርሶች ይነግሩሻል። ከዚያ በኋላ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጅሽ የሚገባውን አስልተሽ አወዳድሪ።

ጥያቄ፦ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ እንደሚይዝ በቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም?

መልስ፦ አይቆጠርም፤ ቢቆጠርብሽም ስለዚያ ቤት አንድ ቁም ነገር አወቅሽ ማለት ነው። በእኔ እምነት ከደመወዙ ቀጥሎ ሳይሆን ከደመወዙ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። በ2002 በታተመ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት 168 ሆስፒታሎችን በሸፈነ ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ታካሚ በተጫነ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ፣ ነርሶቹ በሥራ ጫና ተሰላችተው የመዛላቸው ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ አንዲት ነርስ የምትይዘውን የታካሚ ብዛት በየክፍሉ በሕግ ወስናለች፤ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት ታካሚ በላይ አይፈቀድም። በአብዛኛው ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ ጠያቂዋ አንቺው ነሽ። ስትጠይቂም «በአማካይ ስንት ነው?» አትበይ፤ አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። «ባለፈው ሳምንት በአዳር ተረኛነት አንዲት ነርስ የያዘችው ከፍተኛው ቁጥር ስንት ነበር?» በይ።

ጥያቄ፦ በፅኑ ሕሙማን ክፍል የተሻለ አበል ይሰጣሉ። ሰዎች ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ካልሠራህ አትግባ ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ምክሩ በጎ ነው፤ እኔ ግን እንደ ሕግ አልቀበለውም። የነርሶችን የሙያ ዕድገት ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ የከፈለችው የነርሲንግ ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር፣ አንድ ነርስ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ሥራውን አቅዶ በራሱ መምራት የሚችለው በተመሳሳይ ክፍል ሁለትና ሦስት ዓመት ያህል ሲሠራ መሆኑን ጽፋለች። ክፍል ሲለወጥ ሊቁም በከፊል ወደ ጀማሪነት ይመለሳል። እንግዲህ ወንድሜ፣ በሜዲካል ዋርድ ያሳለፍከው ዓመት ሜካኒካል ቬንቲሌተር (መተንፈሻ መሣሪያ) የተገጠመለትን ታካሚ መከታተል በራሱ አያስተምርህም። ወሳኙ ነገር ክፍሉ ለጀማሪ ያዘጋጀው ሥልጠና ነው፦ በስም የተመደበልህ አሠልጣኝ ነርስ አለ ወይ? እርሱስ ከአንተ ጋር ሲሠራ የራሱ ሙሉ ታካሚ ይሰጠዋል ወይስ ይቀነስለታል? ብቻህን ተረኛ የምትሆነው ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው? የሰው እጥረት ሲኖር ሥልጠናው ተቋርጦ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ትቆጠራለህ ወይ? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ካገኘህ ግባ። «ሥራው ራሱ ያስተምርሃል» ከተባልክ ግን አበሉ እጥፍ ቢሆንም አልመክርህም፤ የሙያ ፈቃድህ ላይ የተጻፈው የአንተ ስም ነው፤ ስህተት ሲፈጠር የሚጠየቀውም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአዳር ተረኛነት ጭማሪ ስላለው ሙሉ በሙሉ አዳር ልሥራ?

መልስ፦ ለጥቂት ወራት ዕዳ ለመክፈል ከሆነ አልከለክልም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃን «ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም» ከሚላቸው መካከል በ2007 መድቦታል፤ በ2019 በድጋሚ መርምሮም ምደባውን አጽንቶታል። በ2004 የወጣ የነርሶች ጥናት ደግሞ አንድ ተረኛነት 12 ሰዓት ተኩል ሲደርስ ወይም ሲያልፍ የመሳሳት ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ጭማሪው በመቶ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ስንት አዳር እንደሚመደብ፣ ከአዳር ወደ ቀን ሲዞሩ ስንት ሰዓት ዕረፍት እንደሚሰጥም ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ሆስፒታሉ ስቀጠር ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንዴ እሰጥሻለሁ ብሎኛል፤ በምላሹ ሁለት ዓመት የማገልገል ግዴታ እገባለሁ። ልፈርም?

መልስ፦ መጀመሪያ ገንዘቡን ለ24 አካፍዪው፤ በወር የሚደርስሽን ስታዪ ግርማው ይቀንሳል። ቀጥሎ የመውጫውን አንቀጽ አንብቢ። በ20ኛው ወር ብትለቂ የምትመልሺው ሙሉውን ነው ወይስ የቀሪውን አራት ወር ድርሻ? ገና በሙከራ ጊዜ ቢያሰናብቱሽ፣ ብትታመሚ ወይም ክፍልሽን ያለ ፈቃድሽ ቢቀይሩት ዕዳው ይሰረዛል ወይ? ብዙ ሠራተኛ የሚለቅበት ቤት ሠራተኛ ለማቆየት ብዙ ገንዘብ የሚያቀርብበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም መጠርጠር አይከፋም። የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውን ወረቀት መያዣ አድርጎ የሚጠይቅ ቀጣሪ ካጋጠመሽ ግን ውሉን ሳታነብቢ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ሆኖ በደመወዝ መደራደር ይቻላል?

መልስ፦ በመንግሥት ተቋም ደረጃው የተቆረጠ ስለሆነ እምብዛም ነው። በግል ተቋም ይሞከራል። ደመወዙ አልነቃነቅ ሲል የፈቃድ ማደሻና የሥልጠና ወጪ እንዲሸፈን ወይም የሙከራ ጊዜው ሲያበቃ የደመወዝ ክለሳ እንዲደረግ መጠየቅና በጽሑፍ ማስፈር ይቀላል።

ጥያቄ፦ በውሉ ላይ ሰዎች የሚረሱት ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ የመርፌ መወጋት። ክትባት ያልወሰደ ሠራተኛ በሄፓታይተስ ቢ በተበከለ መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ በኤች አይ ቪ በተበከለ መርፌ ደግሞ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት። ክትባቱን ማን እንደሚሸፍን፣ ከአደጋው በኋላ የሚደረገውን ምርመራና የሕመም ፈቃድ ማን እንደሚከፍል፣ መድኃኒቱም በእኩለ ሌሊት ከየትኛው ክፍል እንደሚገኝ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።