ቦብ ማርሌይን አንዴ፣ ጃማይካን ብዙ ጊዜ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሻሸመኔ ተወልደህ ያደግህ የሦስተኛ ዓመት የቱሪዝም ተማሪ ነህ። ለጃማይካውያን እንግዶች አስጎብኚ መሆን ትፈልጋለህ። ጓደኞችህ ግን «ድሬድ አሳድግ፣ ሬጌ ክፈት፣ ሥራው አለቀ» እያሉ ይቀልዱብሃል። «ያዋጣኛል ወይ?» ነው ጥያቄህ።

ሊያዋጣህ ይችላል። ግን የላክልኝን የጉብኝት ዕቅድ አነበብኩት። ቦብ ማርሌይ ስድስት ቦታ ተጠቅሷል፣ ጃማይካ ግን የለችበትም። ወንድሜ፣ ሻሸመኔ ውስጥ ራስታዎች በሰፈሩበት ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ማደግና ጃማይካን ማወቅ ይለያያል።

ደሴቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የኛን አገር መቶ ቦታ ብትከፍላት አንዷን ቁራሽ ታክላለች። ትልቁ ተራራዋ፣ ብሉ ማውንቴን ፒክ፣ 2,256 ሜትር ነው። ከቦሌ አየር ማረፊያ እንኳ ያንሳል! እንግዳህ እንጦጦ ላይ ቢያለከልክ አትገረም፤ የመጀመሪያውን ቀን ቀለል አድርግለት። በዚያ ተራራ የሚበቅለው ቡና በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቡና ስታስፈላ «ቡና የኛ ነው» ብለህ ከመኩራራትህ በፊት ስለነሱ ቡና ጠይቃቸው፤ ጨዋታው ያኔ ይደራል።

ታሪኩ ላይ ጊዜህን አትቆጥብ። እንግሊዞች ደሴቷን ከስፔኖች የነጠቁት እ.ኤ.አ. በ1655 ነው። ለስኳር እርሻው ሲሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን በመርከብ አጋዙ። ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡት ማሩኖች ግን አልተበገሩም፤ እንግሊዞች በ1739 ተገደው ውል ገቡላቸው። አርበኞች ብትላቸው አልተሳሳትክም። ከመሪዎቻቸው አንዷ፣ ናኒ፣ ዛሬ ብሔራዊ ጀግና ናት። ባርነት ሙሉ ለሙሉ የቀረው በ1838 ነው። የአገር ነጻነት ደግሞ በ1962 መጣ።

ይህን ካላወቅህ ሰዎቹ ሻሸመኔ ደርሰው ለምን እንደሚያለቅሱ አይገባህም። ቅድመ አያቱ ከየት መንደር እንደተወሰደ የማያውቅ ሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ እዚያ ጥቁር ንጉሠ ነገሥት ዘውድ መጫኑን ይሰማል። ያንን ንጉሠ ነገሥት፣ ጃንሆይን፣ እንደ አምላክ ለሚያየው ለራስታው ይህ ጉብኝት አይደለም፣ ወደ ቤት መመለስ ነው። ስለ ጃንሆይ ያለህ የፖለቲካ አስተያየት ቤትህ ይቀመጥ፤ ለክርክር አልተቀጠርክም።

የቀን አቆጣጠሩንም አጥና። እነሱ «ኤፕሪል 21፣ 1966» ሲሉህ፣ ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡበት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. መሆኑ ወዲያው ትዝ ይበልህ። ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

ደግሞ ጃማይካዊ ሁሉ ራስታ አይደለም። በሕዝብ ቆጠራቸው ራስታ ነኝ ያለው ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው። እሑድን ከቤተ ክርስቲያን የማትቀርን እናት በጋንጃ ቀልድ ከተቀበልካት ጉርሻህን እርሳው። ራስታ ከሆኑ ደግሞ ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም፤ ጨው የሚተዉም አሉ። የጾም በያይነቱ የሚሠራ ቤት ቀድመህ ያዝ፣ ስለ ጨውም ለወጥ ቤቷ ንገራት።

እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፤ በመካከላቸው የሚያወሩት ግን ፓትዋ የሚሉትን የራሳቸውን ቋንቋ ነው። «ዋ ግዋን» ማለት «እንዴት ነው?» ማለት ነው። ለመናገር አትንጠራራ፣ ያስቅብሃል። መስማቱን ብቻ ልመድ።

ስለ ገቢው ሳልደብቅህ፣ በዚህ ብቻ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ አትበል። ከኪንግስተን የሚመጣውን ብቻ አትጠብቅ፤ በለንደን፣ በኒው ዮርክና በቶሮንቶ ብዙ የጃማይካ ልጆች አሉ። የአስጎብኚነት ፈቃድህን አውጣ፣ ሌሎች መስመሮችንም ሥራ፣ ይህን ልዩ ሙያህ አድርገው።

በዚህ ሳምንት ጃማይካ ሰፈር ካሉት አዛውንቶች አንዱን ሄደህ አነጋግር። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፤ ፎቶና ቪዲዮ አታንሳ። ከዚያ ዕቅድህን እንደገና ጽፈህ ላክልኝ። ቦብ ማርሌይ አንዴ ይበቃዋል።