አማካዩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው መምህርነትን ገና ለጀመራችሁ፣ ትምህርት ቢሮ ውስጥ መረጃ ለምታጠናቅሩ፣ የመጀመሪያ ልጃችሁን የት እንደምታስመዘግቡም ለምታወጡ ለምታወርዱ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። መጀመሪያ አስተማርኩ፣ ኋላም ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሲያናድደኝ ኖሯል። ሰው የትምህርት ቤቱን አማካይ ውጤት ያያል፣ "ይሄ ጎበዝ፣ ያኛው ደካማ" ይላል፣ በቃ። በዚያ በር የሚገቡት ልጆች እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ በሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማን የተመራ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችና 4 ሺህ ገደማ ትምህርት ቤቶች ተካተውበታል። ብዙዎች የጠበቁት የውጤቱ ልዩነት ከሕንፃ፣ ከመጽሐፍና ከበጀት ይመጣል ብለው ነበር። ጥናቱ ግን ከልጁ ውጤት ጋር ይበልጥ የተሳሰረው የቤተሰቡ ሁኔታ መሆኑን አሳየ። አብረውት የሚማሩት ልጆችም ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ውጤት ስታነቡ ስለ ወላጆች ገቢና ትምህርትም ጭምር እያነበባችሁ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ 100 ልጆች አሉት እንበል። 80ዎቹ ማስተማሪያውን ቋንቋ ከቤታቸው ይዘው የመጡ ናቸው፤ አማካያቸው 70 ነው። 20ዎቹ ቋንቋውን ገና እየለመዱ ነው፤ አማካያቸው 40 ነው። የሁሉም አማካይ 64 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ አዳዲስ ቤተሰቦች ወደ ሰፈሩ ይገቡና አራተኛ ክፍል 50 በ50 ይሆናል። መምህራኑ ለፍተው የመጀመሪያዎቹን 73፣ የሁለተኛዎቹን 45 አደረሱ። አሁን አማካዩ ስንት መጣ? 59። ሁለቱም ወገን ተሻሽሎ ትምህርት ቤቱ በ5 ነጥብ ወረደ። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ርእሰ መምህር ሲገሠጽ፣ የለፉ መምህራን አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። በተቃራኒው ደግሞ ድሃ ቤተሰቦች ኪራይ አቅቷቸው ከሰፈሩ ሲወጡ፣ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይለወጥ "ተሻሻለ" ተብሎ የሚሸለም ትምህርት ቤት ይኖራል።

የተማሪዎቹ ስብጥር ራሱም በጥንቃቄ ይነበባል። አሜሪካኖች የድህነት መለኪያ አድርገው ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት የትምህርት ቤት ምሳን ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት ወለሉ 130 በመቶ ካልበለጠ ልጁ በነፃ ይበላል፣ እስከ 185 በመቶ ከሆነ በቅናሽ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ ግን ድሃ የሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች በነፃ እንዲመግቡ ፈቀደ። ለልጆቹ ግሩም ነገር ነው። ቁጥሩን ለሚያነብ ሰው ግን "100 በመቶ ነፃ ምሳ" ማለት "ሁሉም ድሃ ናቸው" ማለት መሆኑ ቀረ።

"ያለፉ ተማሪዎች በመቶኛ" የሚባለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማለፊያው 50 ከሆነ፣ ከ15 ተነስቶ 45 የደረሰ ልጅ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ከ49 ወደ 51 የተሻገረው ግን አለፈ ይባላል። ያንን የመጀመሪያውን ልጅ እዚያ ያደረሰች መምህርት ስንት ሌሊት እንዳሰበችበት ማን ያያል? ጫናው ሲበዛ መምህር ሳይወድ በግዱ ማለፊያው ጫፍ ላይ ባሉት ልጆች ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ከታች ያሉት ይረሳሉ። ጫናው ከዚህም ሊብስ ይችላል። በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የምርመራ ሪፖርት በ44 ትምህርት ቤቶች ውጤት መጭበርበሩን፣ 178 መምህራንና ኃላፊዎችም እጃቸው እንዳለበት አጋልጧል። የልጆች መልስ ጭምር ተሰርዞ ታርሟል። እነዚያ ልጆች በወረቀት ላይ አልፈው፣ የሚያስፈልጋቸውን እርዳታ ሳያገኙ ቀሩ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ላይ ልምጣ። እስካሁን ያልኩትን ይዞ "የድሃ ልጅ ነው፣ ምን ይጠበቃል?" የሚል መምህር አለ። እባካችሁ ከዚህ አፍ ራቁ። የኮልማንን ጥናት "ትምህርት ቤት ዋጋ የለውም" ብለው የተረጎሙ ነበሩ፤ ተሳስተዋል። በአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረ ሙከራ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በዕጣ ተመደቡ። ገሚሶቹ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለው ክፍል፣ ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 ባለው ክፍል ተማሩ። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ጥቁር ልጆች ነበሩ። ወላጆቹ የተማሩለት ልጅ ክፍል ውስጥ ያመለጠውን ቤቱ ያገኘዋል። የሌላው ልጅ ዕድል ያለው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሱ የእናንተ ሥራ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይበልጥም ያስፈልጋል።

ልጅ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ "አማካያችሁ ስንት ነው?" ከማለት "እነዚሁ ልጆች አምና የት ነበሩ?" በሉ። በየዓመቱ ስንት መምህር እንደሚለቅ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ሁለተኛ ክፍል ገብታችሁ ልጆቹ ሲያነቡ ስሙ። ከየትኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ ይነግራችኋል።

መረጃ የምታጠናቅሩ ደግሞ ከአማካዩ ጎን ሁልጊዜ የተፈታኞቹን ብዛት ጻፉ። 20 ልጆች ባሉበት ክፍል አንድ ልጅ ታሞ ቢወድቅ የማለፍ ምጣኔው በ5 በመቶ ይወርዳል። በፈተናው ቀን የቀሩትን፣ በዓመቱ መሃል የገቡትንና የወጡትንም መዝግቡ። ውጤቱን በቡድን ስትከፋፍሉ ግን ተጠንቀቁ። በአንድ ክፍል ሦስት ስደተኛ ልጆች ብቻ ካሉ፣ የእነሱን አማካይ ማውጣት የሦስቱን ልጆች ውጤት አደባባይ ላይ ከመለጠፍ አይለይም። እዚያ ላይ ቁጥሩን ተዉትና ሄዳችሁ መምህራቸውን አነጋግሩ።